ደሴቱ ላይ የምናርፍበት ቤት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔና እማዬ እዚህ ኦሮራ ከተማ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንተ ወዳለህበት አሉሺያን ደሴቶች ልንመጣ ስንል ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ «ቆዩ» አልከን። መጀመሪያ ጭጋጉ አውሮፕላን አያሳርፍም አልክ፤ ቀጥሎ የዓሣ ፋብሪካው ዶርም እንግዳ አይቀበልም፤ አሁን ደግሞ የሚከራይ ክፍል ጠፋ። እማዬ ግን የሐምሌ ፈቃዷን ወስዳለች፣ ሽሮህንም አሽጋለች። እኔ ሰለቸኝ። ስልክ መደወል እንደምፈራ ታውቃለህ፤ እንደዚያም ሆኖ ራሴ ወደ ደሴቱ ደውዬ የሚከራይ ክፍል ጠየቅኩ።

ስልኩን ያነሱት የደሴቱ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ናቸው። ስምህን ስነግራቸው ሳቁ።

«እሱንማ ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ! ትንሿ ልጁ ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ነው የምትተኛው። ቤታቸው ሰፊ አይደል እንዴ፣ ክፍል ምን ያደርግላችኋል?» አሉኝ።

ደግነቱ ስፒከር ላይ አላደረግኩትም ነበር። እማዬን «ክፍሉ ተይዟል» አልኳት። «ታዲያ ሌላ ቦታ ደውዪያ!» ብላ ተቆጣችኝ።

እማዬ የደሴቱ ሰዎች ኦርቶዶክስ መሆናቸውን ከሰማች ወዲህ አብራችሁ ልታስቀድሱ ነጠላ ገዝታልሃለች። እዚህ ሃቫና ስትሪት ያለው የሐበሻ ልብስ ሱቅ የልጅም አለው። የትንሿን ቁመት ጻፍልኝ።

ጤናህን ይጠብቅልን።

ትልቋ ልጅህ፣
ሊዲያ