ጅራቷ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ያላት

ውድ ልጄ፣ ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ሳል ተሽሎታል፣ የማድ ቤቱም ጣሪያ ተጠግኗል።

በየረግረጉ እየገባሽ የምታጠኚያት፣ ፎቶዋን የላክሽልኝ ቀጭኗ የውሃ ተርብ እኛ ሰፈር ትኖር እንደሆነ ሄጄ እንድመለከትልሽ ስለጠየቅሽኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ጋር ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ረግረግ ወረድኩ። ብዙ ከጠበቅን በኋላ ከመርፌ የማትወፍር አንዲት መጥታ ሸምበቆ ላይ አረፈች። እንዳልሽውም ክንፎቿን አልዘረጋችም፤ ጀርባዋ ላይ ገጥማ ሰበሰበቻቸው። የጅራቷም ጫፍ ሰማያዊ ነው።

"እሷው ናት" ብዬ ጠጋ ስል ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። እግሬን ብስበው ብስበው እምቢ አለ። ልብስ ሰፊዋ "እትዬ፣ አይንቀሳቀሱ" ብላ በሻርፗ ጎትታ አወጣችኝ። ጫማዬ እዚያው ቀረ። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ፣ በጫማው ያዘንኩ መስሏት አባበለችኝ። እኔ ግን አንቺን እያሰብኩ ነበር። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ብቻሽን ስትቆሚ ማን ይጎትትሻል? ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሥራሽን ተዪ አልልሽም፤ እኔም ተርቧን አይቻት ወድጃታለሁ። ግን እባክሽ የኔ እናት፣ ሰው ሳትይዢ ውሃ አትግቢ። አብሮሽ የሚሄደውን ሰው ስም ጻፊልኝ፤ ስጸልይ ከስምሽ ጋር እጠራዋለሁ። ደህና አውሎ ደህና ያግባችሁ።

እናትሽ