በእማማ አንጓች ስም የሚሸጠው እርጎ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ዛሬም አልረጋም። ጠዋት ብርድ ልብሱን ገልጬ ኩባያውን ዘንበል ሳደርገው ወተቱ እንደ ወተት ፈሰሰ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ። ሱዳን፣ ኦምዱርማን ቢሆን ሙቀቱ ሥራውን ይሠራል፣ የሰው ድርሻ መክደን ብቻ ነው። እዚህ እንጅባራ ግን፣ ይልቁንም ከአምናው በባሰው በዘንድሮ ክረምት፣ ደመናው መስኮቴ ድረስ መጥቶ አብሮኝ ያድራል፤ ወተቱም እንደኔ ሲንቀጠቀጥ ያነጋል።

የሚያስጨንቀኝ ወተቱ አይደለም፣ እርሾው ነው። አባቴ በወተት ቤቱ ሠላሳ ዓመት ከትናንት ለዛሬ፣ ከዛሬ ለነገ እያሳደረ ያቆየው እርሾ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር አባቴ ከሞተ ዓመት ሆኖት ነበር። መሐረብ እርጎው ውስጥ ነክሬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ በመተማ ገባሁ። እዚህ ደርሼ ለብ ያለ ወተት ውስጥ ስዘፈዝፈው ነቃ። ከዚያ ወዲህ በሠራሁ ቁጥር አንድ ኩባያ ለሚቀጥለው አስቀራለሁ። «እናት» እላታለሁ። እናት ከሞተች ሌላ የምቀዳበት የለኝም፤ ወተት ቤቱ ፈርሷል፣ ዘመድም የት እንደደረሰ አላውቅም።

ብርቱካን ደግሞ ለእንቁጣጣሽ አርባ ኩባያ አዛለች። መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት አላት። «ለበዓል ካላሳፈርሽኝ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እወስድሻለሁ» ብላኛለች። ካሳፈርኳት የሚሆነውን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

እስካሁን የሞከርኩት፦
ከሰል አጠገብ ማሳደር። በአንድ ጎኑ በሰለ፣ በሌላው በረደ። እኔን ራሴን አመመኝ።
ሁለት ብርድ ልብስ መደራረብ። እኔ ያለ ብርድ ልብስ አደርኩ፣ እሱም አልረጋ።
አቅፎ መተኛት። ይኼን ለማንም አልናገርም።

ጋሼ አለኸኝ ወተቱን ከዘንገና በኩል በፈረስ ያመጡልኛል። ፈረሱን በአዊኛ ያናግሩታል፣ እኔን በአማርኛ። እናቴ የዳንግላ ልጅ ነበረች። አማርኛውን ከነፊደሉ አስተማረችኝ፤ አዊኛውን ግን ለራሷ አስቀረችው። የምሰማት በእንቅልፏ ስታወራ ብቻ ነበር። ጋሼ አለኸኝ ፈረሱን ሲያባብሉ እናቴ ከግድግዳው ማዶ የተኛች ይመስለኛል። ወተቱን መቀበል ትቼ ቆሜ አዳምጣለሁ።

ፊቴን አይተው «ምነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ገለባ የለሽም? እኛ ጫጩት ሲበርዳት ገለባ ውስጥ ነው የምናስቀምጣት። ወተትሽንም እንደ ጫጩት ያዥው» አሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ ማዳበሪያ ገለባ ይዘው ተመለሱ። በቀርከሃ ቅርጫት ጠቅጥቄ መሐሉን እንደ ጎጆ ጎደጎድኩት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ረጋ! ማንኪያው ቆመ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ዛሬ ወሩ ተቀየረ። እናቴ አምስት ቀን ብቻ ያለው ወር አለ ስትለኝ ተረት ነበር የሚመስለኝ። አባቴም «የእናትሽ አገር ሰው ደመወዝ እንዳይከፍል የፈጠረው ወር ነው» እያለ ያበሽቃት ነበር። አሁን እዚያ ወር ውስጥ ነኝ። ከቤት ስወጣ አጥሩ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ጉም ብቻ ነው። ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ ይላሉ፣ «እንዴት አደርሽ» ይሉኛል፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። ሌሊት በህልሜ የአባቴ ወተት ቤት ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆሞ ነበር። አባቴ ወተት አይሸጥም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ውኃውን ያያል። ቀሰቀሰኝና ሄደ።

እንደ ሁልጊዜው የመጀመሪያውን ኩባያ ለእማማ አንጓች ሰጠሁ። አከራዬ ናቸው፣ እርጎውም የሚሸጠው በሳቸው ስም ነው። አምና ንግድ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው መታወቂያዬን ገልብጦ አይቶ «የውጭ ዜጋ ነሽ፤ ያንቺ እዚህ አይደለም» አለኝ። እናቴ ዳንግላ መወለዷን የሚያስረዳ ወረቀት የለኝም። ዳንግላ ሄጄም ጠይቄያለሁ፣ የሚያስታውሳት አላገኘሁም። እያለቀስኩ ስመለስ እማማ አንጓች «በኔ ስም አውጪዋ፣ ስሜ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል» አሉ። ይኸው በየኩባያው ላይ በእጄ «የአንጓች እርጎ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰፈሩ ግን «የሱዳኗ እርጎ» ነው የሚለው።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

መብራት ሳይጠፋ ልቅደም ብዬ በጠዋት ጀመርኩ። አርባ ኩባያ፣ ከነእናት አርባ አንድ። አባቴ ሙቀት የሚለካው በትንሿ ጣቱ ነበር፤ ጣትሽን ከትተሽ እስከ አስር መቁጠር ከቻልሽ ልክ ነው ይል ነበር። ቆጠርኩ። አራት ቅርጫት ገለባ ሞላሁ፣ ከደንኩ፣ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ሲመሻሽ ሁሉም ረግቷል። አንድም አልቀረ። ጓዳዬ ራሱ ፍሪጅ ስለሆነ እስከ ረቡዕ ይቆያል። የመኖሪያ ፈቃዴ ጥር ላይ ያልቃል፤ ዛሬ ግን ስለሱ ያሰብኩት አንዴ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3



ጠዋት ለብርቱካን ትዕዛዙ መዘጋጀቱን ልነግራት ወጣሁ። ስመለስ ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው እየጨፈሩ ይታጠባሉ፣ ትልልቆቹም ከየቤታቸው ወጥተው ራሳቸውን ያስመታሉ። ሩፋኤል ነው፤ የዛሬ ዝናብ ጠበል ነው ይላሉ። እኔም ሻሼን ገፍፌ ቀስ ብዬ ሄድኩ። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

በሩን ስከፍት አርባ አንዱም ኩባያ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። ክዳን የለውም። ዝናቡ ይወርድበታል። እማማ አንጓች ነጠላቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ፣ ጎንበስ ብለው፣ ጠበሉ እንዲዳረስ በጣታቸው እያንዳንዱን ያማስላሉ። እናትንም። ቀና ብለው እንደ ልጅ ሳቁልኝ።

«ነይ ልጄ፣ ጠበሉን አስገባሁልሽ። በስሜ የሚሸጥ ነገር ሳይባረክ ይውጣ?»

እኔ ምን አልኩ? ልጻፈው። «ስምዎ ወረቀቱ ላይ ነው እንጂ እርጎው የእርስዎ አይደለም። የአባቴ ነው። ምን አገባዎት?» አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እማማ ክዳኖቹን ከእርጥቡ ሣር ላይ አንድ በአንድ ለቅመው ሁሉንም ከደኑ። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ጉልበታቸውን ይይዛሉ። እኔ ቆሜ አየኋቸው። አልረዳኋቸውም።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ትናንት ከሰዓት ከእናት ቀድቼ በተረፈኝ ወተት ሞክሬ ነበር። ዛሬ ስከፍተው እንደ ለሐጭ ይሳባል፣ ሽታውም መጥፎ ነው። ሌላ ኩባያ ሞከርኩ፣ ያው ነው። መሐረቡን አወጣሁ። ካጠብኩት ቆይቷል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቢሆንም ለብ ያለ ወተት ውስጥ ከተትኩት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እስኪመሽ ጠበቅሁ፣ ምንም የለም።

ሠላሳ ዓመት የኖረ ነገር በኔ እጅ ሞተ። አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

ጎረቤቶች ግን ኩባያ ኩባያውን እየወሰዱ ጠጡት። የሩፋኤል ጠበል የገባበት ነው አሉ፤ ለመድኃኒት ብለው ለልጆቻቸው ያጠጡም አሉ። ልደፋው ነበርና ተውኳቸው። አንዷ ኩባያዋን ስትመልስ «እማማ አንጓች ይህን ዝናብ ዓመት ሙሉ ነው የሚጠብቁት። ትናንት የራሳቸውን ሊጥ እንኳ ለጠበሉ ሳያወጡ ካንቺ ጀመሩ» አለችኝ።

በራቸው ዝግ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ለብርቱካን ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። ባለመኖሩ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ገና ሲነጋ በሬ ተንኳኳ። እማማ አንጓች ናቸው። ነጠላቸው ሥር የደበቁት ነገር አለ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ልጀምር ስል አስቆሙኝ።

«መጀመሪያ እኔ ልናገር። ዋሽቼሻለሁ» አሉ። «ጳጉሜንን እጾማለሁ። ደስ ብሎሽ ስትሰጭኝ አልበላም ማለት ከበደኝ። የቅዳሜውን ለእንቁጣጣሽ ብዬ ወተት ጨምሬ አኖርኩት።»

ከነጠላው ሥር ቅል አወጡ። የሳቸው የወተት ቅል፣ በወይራ ጭስ የታጠነ። የቅዳሜው ከዝናቡ በፊት ነው። ክዳኑን ስከፍት መጀመሪያ የሸተተኝ ጭስ ነው። ቆየሁ። ከጭሱ ኋላ የአባቴ ወተት ቤት ነበር። ጠዋት ሲከፈት የሚሸተው፣ ራሱ።

አለቀስኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ዝናቡ የሁሉም ነው፣ እርጎው ያባትሽ ነው፣ ስሙ የኔ ነው። ምኑ ያጣላናል?» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ጋሼ አለኸኝ ወተቱን ይዘው ደረሱ። ረቡዕ ጾም ነውና በየቤቱ የተረፈ ወተት አልጠፋም። አፈላን፣ አበረድን። ለመለካት ጣቴን ዘርግቼ መለስኩት፤ በራሴ እጅ አላመንኩም። «እስቲ እርስዎ ይክተቱ፣ እስከ አስር ይቁጠሩ» አልኳቸው። ያንኑ የሰኞውን ጣት በደንብ ታጥበው ከተቱና በአዊኛ ቆጠሩ። ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አስር ላይ ሲደርሱ ይጨምሩ ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቅርጫቶቹ አራት ናቸው፣ ብርድ ልብሴ ግን ለሦስቱ ብቻ በቃ። እማማ ጋቢያቸውን አመጡና አራተኛውን ሸፈኑበት። «እርስዎስ?» ብላቸው «እኔ ለምጄዋለሁ፣ እንግዳው እሱ ነው» አሉ።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

ሠላሳ አምስቱ ረግቷል። በሩ አጠገብ ከነበረው ቅርጫት አምስቱ አልረጉም። ከጋቢው ሥር የነበሩት ሁሉም ረግተዋል።

አንዱን ለእናት አስቀረሁ። ሠላሳ ሦስቱን በባጃጅ ለብርቱካን አደረስኩ። አንዱን ከፍታ አሸተተችው። «ጭስ ጭስ ይላል» አለች። ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። «አርባ ነበር ያልኩሽ» አለችና ተቀበለችኝ። ሰው ይወደው አይወደው እስካሁን አልደወለችም። ስልኬን እያገላበጥኩ ነው የምጽፈው፤ ኔትወርኩ ዛሬ አለ፣ እንደ ሰበብ እንኳ አይሆነኝም።

የቀረውን አንዱን ለእማማ አንጓች ወሰድኩላቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጾማቸውን በሱ ፈቱ። ሲጨርሱ ማንኪያውን ላሱና «አባትሽ ጎበዝ ሰው ነበር» አሉ። አባቴን በዚህ አገር ያወቀው ሰው የለም። ዛሬ አንድ ሰው አወቀው።

ቅላቸውን ልመልስላቸው ብል አልተቀበሉኝም። በመጨረሻ ተስማማን። ከእንግዲህ እናት ሁለት ቦታ ታድራለች፤ አንዷ በኔ ኩባያ፣ አንዷ በሳቸው ቅል። ጥር ላይ ፈቃዴ ቢታደስም ባይታደስም ያቺኛዋ እዚሁ ትቆያለች።

ስወጣ «የዓመት ሰው ይበለን» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ከርሞ ሩፋኤል ሲዘንብ አንዱን ክዳን ራሴ እከፍታለሁ። ሌሎቹን ግን ከእማማ አንጓች እደብቃለሁ። እዚህ ከኖርኩ።