«አክስት ብስኩት» የሚል ድንጋይ በቅድመ አያቴ መቃብር ላይ ስለማቆም

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ሃርላን ትሬድዌል
የዌልቦርን ከተማ የቅርስና የፊልም መታሰቢያ ኮሚሽን ሊቀ መንበር
ዌልቦርን፣ ጆርጂያ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የጉልበትዎ ሕመም እንደተሻለዎት፣ የግቢዎ ማግኖሊያም ዘንድሮ ቀድሞ እንዳበበ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በእኛ በኩል ሁላችንም ደህና ነን፤ ከቅድመ አያቴ በቀር። እሷም ብትሆን ከሞተች ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ እስካለፈው ማክሰኞ ድረስም በሰላም ተኝታ ነበር።

ካላስታወሱኝ፣ እኔ ማክሰኞ ዕለት በኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ ሦስት ደቂቃ የተሰጠኝ ልጅ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አያቴ እግራቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይወጡም፤ አክስቴ ዶሪንዳ ደግሞ በዶሮ ፋብሪካው ተረኛ ነበረች፤ ስለዚህ ቤተሰቡን ወክዬ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። ወረቀት ይዤ ነበር። ወረቀቱ ላይ «አይሆንም» የሚለው ቃል አራት ቦታ ተጽፎ ነበር። ማይክሮፎኑ ፊት ስቆም ግን አንድም ቃል አልወጣኝም፤ ሦስቱንም ደቂቃ የእርስዎን ክራቫት እያየሁ ጨረስኩ። ዳክዬዎች ነበሩበት። አሥራ አንድ ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ቃለ ጉባኤው ወጣ። «የቤተሰቡ ተወካይ ወይዘሪት ኬዛያ ትሬድዌል በጥልቅ ስሜት ዝም በማለት ስምምነቷን ገልጻለች» ይላል። በዚህ ዝምታዬ መሠረት የፊታችን ዓርብ ጠዋት ሠራተኞች ወደ ናባው ተራራ ቤተ ክርስቲያን መቃብር መጥተው፣ በቅድመ አያቴ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ክዳን ነቅለው፣ በምትኩ «አክስት ብስኩት» የሚል የተወለወለ ድንጋይ ያቆማሉ፤ ቅዳሜም ይመረቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ስል ኖሬአለሁ። አስተማሪዎቼ ስንፍና ነው ብለውታል፣ ጎረቤቶች ኩራት ነው ብለውታል፤ ፊርማ ነው ያለው ግን የእርስዎ ኮሚሽን የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ያልተናገርኩትን በተራ በተራ ጽፌ አቀርባለሁ። ለጋዜጣውም አንድ ቅጂ የላክሁት፣ ይህ ደብዳቤ ደግሞ እንደ ዝምታ እንዳይቆጠርብኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስሟን በተመለከተ። ቅድመ አያቴ ሉቬኒያ ትሬድዌል ትባላለች። የአባት ስማችን ከእርስዎ ጋር አንድ ነው። ይህ የሆነው ዘመዳሞች ስለሆንን ነው ወይስ የእኛ ሰዎች በእርስዎ ሰዎች የንብረት መዝገብ ላይ ከበቅሎዎቹ ቀጥለው ስለተጻፉ ነው ብዬ ስጠይቅ ትልልቆቹ ወሬ ይለውጣሉ። አክስቴ ዶሪንዳ ብቻ «ሁለቱም ነው፤ በይ እራትሽን ብዪ» ትለኛለች።

ሉቬኒያ በዚህ ከተማ ሁለት ክፍል በነበረው የጥቁሮች ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። በዚያን ጊዜ የእኛ ልጆች ጥጥ መልቀም ስለነበረባቸው ትምህርት የሚፈቀድላቸው በዓመት አምስት ወር ነበር፤ በቀሩት ወራት መምህራኑ ያገኙትን ይሠሩ ነበር። ከሰማንያ ስድስት ዓመት በፊት የፊልም ሰዎች ከካሊፎርኒያ መጥተው፣ በቤተሰብዎ እርሻ በዊሎሚር፣ ስለ ደጋግ ጌቶችና ስለ ደስተኛ ባሮቻቸው ፊልም ሲሠሩ፣ ለእሷ የተገኘላት ሥራ አክስት ብስኩት የምትባል የወጥ ቤት ሠራተኛ መሆን ነበር። በፊልሙ የምትታየው አራት ደቂቃ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመትና ከአራት ደቂቃ የትኛው በድንጋይ እንደሚጻፍ ኮሚሽኑ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ስለተጨነቀበት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ኮሚሽኑ በመግለጫው አክስት ብስኩትን «ከዚህ አፈር የበቀለች እውነተኛ ሴት» ብሏታል። እንዴት እንደበቀለች ልንገርዎ። ሉቬኒያ ቀጭን ስለነበረች ሁለት ትራስ ታሰረላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጥቁር ነበረች፤ ለካሜራው ግን አይበቃም ተብሎ ፊቷ በተቃጠለ ቡሽ ተቀባ። አነጋገሯ የመምህር ስለነበረ፣ ጥቁር ሰው እንዴት እንደሚናገር የሚያስተምራት አንድ ነጭ ሰው ከካሊፎርኒያ ተመደበላት። ስድስት ቀን አስተማራት። በስድስተኛው ቀን ለዳይሬክተሩ «ልጅቷ ትምህርት ቶሎ አይገባትም» አለው። ከሥጋ ማጨሻው ቤት ወደ በረንዳው በምትሮጥበት ቦታ የፊተኛው ትራስ ይወርዳል፤ ልብ ብለው ካዩ አክስት ብስኩት ከጓሮ እርጉዝ ሆና ተነሥታ በረንዳው ላይ ስትደርስ ወልዳለች። ሕፃኑ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። በዊሎሚር እንዲህ ያለ ነገር ያን ያህል አዲስ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ የነፃነቱን ትዕይንት በተመለከተ። በፊልሙ ባሮቹ ነፃ ወጣችሁ ሲባሉ ተንበርክከው እያለቀሱ ጌታቸው እንዳያባርሯቸው ይለምናሉ። ይህን እንዲተውኑ የተሰበሰቡት የዚያው እርሻ ባሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ፤ ልቅሶው ግን አልመጣም። ዘጠኝ ጊዜ ተቀረጸ፤ ዘጠኙንም ጊዜ ከኋላ የሚስቅ ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ አንድ ሽማግሌ ለብቻቸው ጠርቶ «አንተ አባት፣ በሕይወትህ በጣም ያዘንክበትን ቀን አስብ» አላቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «እሺ ጌታዬ፤ ግን እሱን ቀን ካሰብኩት ይቺ ቤት ሳትቃጠል አታድርም» አሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ከከተማ መጣ። ኮሚሽኑ በየዓመቱ በበዓሉ ላይ ፊልሙን እዚህ ቦታ አስቁሞ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ያስደርጋል። በሽንኩርቱ ስም አመሰግናለሁ።

የሉቬኒያ አያት ፊቢ የነፃነቱ ወሬ በደረሰበት ቀን እዚያው ማሳ ላይ ነበረች። አላለቀሰችም። መቆፈሪያዋን መስመሩ መካከል ተክላ፣ የተሸጠባትን የአራት ዓመት ልጇን ፍለጋ ሄደች። ሦስት ዓመት ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ይህ በፊልሙ የለም፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ፊቱ ስለማይታይ ለካሜራ አይመች ይሆናል። ጎጆዋ ግን አለች። ታድሳ፣ የሞቀ ውኃ ገንዳ ገብቶላት፣ «የፊቢ የጫጉላ ጎጆ» ተብላ ለሙሽሮች ትከራያለች። አንዲት ሙሽራ «እንደዚህ ያለ ሰላም የትም አግኝቼ አላውቅም» ብላ በኢንተርኔት አምስት ኮከብ ሰጥታታለች። ፊቢ ስንት ኮከብ እንደምትሰጥ አልተጠየቀችም።

አራተኛ፣ ኮሚሽኑ ለቅዳሜው ምረቃ አራት መቶ እንግዶች የሚቀምሱትን «የአክስት ብስኩትን ትክክለኛ ብስኩት» ቤተሰባችን ጋግሮ እንዲያቀርብ ጠይቋል። እዚህ ላይ የቤታችንን ገመና ለማውጣት እገደዳለሁ። እኛ ምግብ መሥራት አንችልም። ሉቬኒያም አትችልም ነበር። በፊልሙ ከምድጃ የምታወጣው ብስኩት ከእንጨት ተጠርቦ ቀለም የተቀባ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከቀብር በኋላ ለሚበላው ምሳ ማን ምን እንደሚያመጣ ሲጻፍ፣ በስማችን ትይዩ ሁልጊዜ «በረዶና የወረቀት ሳህን» ይባላል። ማንም አያማክረንም፤ ተጽፎ ይመጣልናል። አንድ ጊዜ አክስቴ ዶሪንዳ ደፍራ ማካሮኒ በአይብ ሠርታ ሄደች። ምሳውን የሚያዝዙት እማማ ኤስቴል ክዳኑን ከፍ አድርገው አዩና፣ «የኔ ቆንጆ፣ ምን ሆነሽ ነው ማካሮኒ ውስጥ ዘቢብ የጨመርሽው?» አሏት።

«ለሐዘን ቤት ነው እንጂ እማማ፣ ሰው ሞቶብን!»

«እሱማ ሞቷል። አንዱ ይበቃናል» ብለው ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ዲያቆን ሊሮይ ደግሞ የሚያጽናኗት መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፤ እግዚአብሔር ለሁሉም ጸጋ ያከፋፍላል። ለናንተ የደረሳችሁ በረዶ ነው» አሏት። ኮሚሽኑ እንግዶቹን የሚወድ ከሆነ ነገሩን እንደገና እንዲያጤነው በትሕትና አሳስባለሁ።

በተያያዘም እኔ ራሴ በራሴ ላይ ሻሽ ጠምጥሜ፣ በበቅሎ ጋሪ ላይ ሆኜ፣ የደስታ ዜማ እንድዘምር ተጋብዣለሁ። ማክሰኞ ድምፄን ሰምተውታልና ምርጫው የሚያኮራ ነው።

አምስተኛውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አያቴ ሆሴያ የሉቬኒያ ልጅ ናቸው። ኮሚሽኑ አምና «የሃያ አምስት ዓመት ታማኝ ተመልካች» የሚል ሜዳልያ አንገታቸው ላይ አጥልቆ ፎቶግራፍ አንሥቷቸዋል። እውነት ነው፣ በየዓመቱ ይመጣሉ። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ቤቱ በዚያው ዓመት ስለተቃጠለ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አልቀራቸውም። እናታቸው ስትንቀሳቀስ የሚያዩበት ቦታ በዓለም ላይ የእናንተ ሲኒማ ቤት ብቻ ነው። መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ አራቱ ደቂቃ ሲደርስም ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ይደፍናሉ። አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄጄ «አባባ፣ ለምንድን ነው የሚደፍኑት?» አልኳቸው።

«ድምፁን ያ ሰውዬ ነው ያስተማራት» አሉኝ። «እጆቹ ግን የራሷ ናቸው። ዱቄቱን ከጣቷ ስታራግፍ አየሻት? ጠመኔም ስታራግፍ ልክ እንደዛ ነበረች።»

ስለ ሜዳልያው እናመሰግናለን።

ስድስተኛ፣ ኮሚሽኑ ያለውን የሲሚንቶ ክዳን «ጽሑፍ የሌለበት» ይለዋል። ጽሑፍ አለበት፤ ለማንበብ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ተማሪዎቿ አንዳንድ ፊደል ተካፍለው ስሟን በምስማር ጽፈውበታል። አንዱ ፊደል ተገልብጧል። እሱን የጻፉት ዲያቆን ሊሮይ ናቸው፤ ያን ጊዜ ስምንት ዓመታቸው ነበር፣ ዛሬ ሰማንያ ሁለት ሆኗቸዋል። «በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ‹ሊሮይ፣ አጥፋና እንደገና ጻፍ› ስትለኝ ይሰማኛል፤ ማጥፊያ ከየት ላምጣ?» ይላሉ። ዓርብ ሠራተኞቹ ሲነቅሉት ክዳኑ ይሰባበራል። አሮጌ ሲሚንቶ ነው። አያቴ ይህን ካወቁ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሱም፤ እኔንም አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያደረግሁትን ለዲያቆን ሊሮይ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። «አልተናገርሽም፤ እሺ፣ ሆነ» አሉኝ። «መጻፍስ ትችያለሽ? የመምህር ዘር አይደለሽ እንዴ? በይ ቁጭ በይና ጻፊ! የመቃብሩ ቁልፍ እንደሆነ ኪሴ ውስጥ ነው። ዓርብ በሩ ላይ ወንበሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች ከሽማግሌ ይልቅ ወረቀት ይፈራሉና ወረቀቱን አንቺ ላኪ።»

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ደንብ ማንኛውም የመቃብር ድንጋይ ሲለወጥ የሚሞላውን የቤተሰብ ቅጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። «የሟች ስም» በሚለው ቦታ «ሉቬኒያ ትሬድዌል፣ መምህርት» ብለናል። «ቤተሰቡ ለውጡን ይፈቅዳል?» በሚለው ቦታ አያቴ፣ አክስቴና እኔ አንድ በአንድ «አይፈቅድም» ብለን ፈርመናል። አያቴ በትልልቁ ስለጻፉ የእሳቸው ሁለት መስመር ወስዷል፤ በደንብ ይነበባል።

ለሞተ ሰው አዲስ ስም ለማውጣት ስላሳዩት ትጋት፣ የማይናገር ሰው ሐሳብ ሳይጠይቁ ስለሚያውቁበት ጥበብ፣ እንዲሁም ለታሪካችን ከእኛ አብልጠው ስለሚቆረቆሩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ዓይኔን ግን ወደ ላይ አድርጌ፣ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ መሆን ያልቻለችው የስምዎ ተጋሪ፣

ኬዛያ ትሬድዌል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ድንጋይ ጠራቢው ሚስተር ፓርዲ ድንጋዩ ተቀርጾ እንዳለቀና ጽሑፉን መፋቅ እንደማይቻል ነግሮናል። እንደዚያ ያለ ያማረ ድንጋይ ቦታ ሊያጣ አይገባም። አክስት ብስኩት በፊልሙ መጨረሻ እመቤቷን አቅፋ «ስሞት ከእግርዎ ሥር ይቅበሩኝ» ትላለች፤ እመቤቲቱ ደግሞ በእርስዎ ቅድመ አያት አምሳል የተሠራች መሆኗን ኮሚሽኑ ራሱ በኩራት ጽፏል። እንግዲህ ኑዛዜዋ ይከበርላት። በኮረብታው ላይ በብረት በታጠረው የቤተሰብዎ መቃብር፣ ከቅድመ አያትዎ እግር በታች፣ ባዶ ቦታ እንዳለ ከመንገድ ላይ ይታያል። ከእኛ ወገን በዚያ አጥር ውስጥ የተቀበረ እስከ ዛሬ የለም፤ የመጀመሪያዋ ጨርሶ ያልተፈጠረች ሴት ብትሆን ጎረቤቶቿን ብዙ አታስቀይምም።