የአንዱ ሸሚዝ ለሁሉ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እንደ ወትሮው። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ክፍል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባልደረባዬ ጥድፊያ ደግሞ ከማራገቢያው በላይ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አፉ ከእጁ ይቀድማል፣ እጁ ከጭንቅላቱ። የታካሚዎቹን ድረ ገጽ ሊያፈጥነው ነው አሉ። እሱ! አለቃችን ትከሻውን መታ መታ አደረገለት... ግም ለግም።

እህቴ ደወለች። አርግዛለች።

"ጋሼ፣ ላንተ ብቻ ነው። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትል። ያለፈው ሲጨነግፍብኝ ከኔ በላይ የታመመችው እሷ ናት። ዓርብ ሁለተኛው የምርመራ ውጤት እናንተ ጋ ባለው ገጼ ላይ ይወጣል፣ እስከዚያ..."

እማዬም ለስኳሯ እኛው ጋ ነው የምትታከመው። አልናገርም።

የካቲት 5

የጥድፊያን ሥራ ከፍቼ አየሁት። ሳቄ መጣ። በደንቡ ሰርቨሩ ባዶውን ገጽ ቶሎ እንዲያወጣው ካሽ በሚሉት ማቆያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ሲወጣ ፊልተሩ ስሙንና ውጤቱን ይጨምርበታል። ይሄ ጉድ ገልብጦታል። ፊልተሩ መጀመሪያ፣ ካሹ በኋላ። ቀድሞ የከፈተው ሰው ገጽ ከነስሙ ተቀምጦ ተከትሎት ለመጣ ሁሉ ይታደላል። የአንዱን ሸሚዝ ለመንደሩ ማልበስ!

ልንገረው? ለምን? አለቃው ፊት ይውደቅ። ሳይደፈርስ አይጠራም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ጥድፊያ ድረ ገጹን ከማለዳ ለቀቀው። "እንደ ጥይት!" ይላል። አለቃው አጨበጨበ። ሁለት ድንጋይ። አፌን ዘግቼ ጠበቅኩ።

እማዬ ደወለች።

"አንተ ልጅ፣ ስኳሬን ልይ ብዬ ብከፍተው እርጉዝ ነሽ ይለኛል! በዚህ ዕድሜዬ!"

ሳቀች። ሳቅኩ።

"ቆይ... ከላይ የእህትህ ስም ነው እንዴ?"

ስልኩን ዘጋችው። ቀድማ የከፈተችው እህቴ ነበረች። ዓርብ ብላኝ ነበር እኮ... እንዴት አላሰብኩትም?

የካቲት 8

እማዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

እህቴ፦ "ጋሼ፣ አንተ ነህ የነገርካት?"

"አይደለሁም። የሰርቨሩ ስህተት ነው።"

"እፎይ! አንተማ አታደርገውም።"

እፎይ አለች። እኔ አላልኩም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጥድፊያ ሁሉም ፊት ቆሞ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። እህቴ ጋ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋል። ማን አስተማረው?

ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አብረን አስተካከልነው። መጀመሪያ ካሹ፣ ከዚያ ፊልተሩ። ሁለት መስመር ማቀያየር... ያ ብቻ።

"ወንድሜ፣ አይተኸው ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር፣ አይደል?"

"ምን ጥያቄ አለው" አልኩት።

አመነኝ። እዚህ ላይ "ጅል" ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄ አልታዘዝ አለኝ።