ጨው ይቀረዋል

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬም አስፒል ስፈልግ ዋልኩ። የአስፒል ብርጭቆዬን ባሌ ወስዶ ብሎን ሞልቶባታል። አስፒሎቼስ ብለው፣ "የሆነ ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ" አለኝ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት በባዶ እግር መሄድ ቀረ...

እነዚህ ብርጭቆዎች! አክስቴ ለሰርጌ ስትሰጠኝ "ካስታርድ፣ ያንን የወተትና የእንቁላል ጣፋጭ፣ እየሠራሽ እንግዳ ታስተናግጂባቸዋለሽ" ነበር ያለችኝ። ትንንሽ፣ ወፍራም፣ ጎድጎድ ያሉ፣ መዳፍ ውስጥ ልክክ የሚሉ። እስከ ዛሬ ካስታርድ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። አንዷ ቁልፍ ይዛለች፣ አንዷ የጆሮ ጌጤን፣ አንዷ የሳሙና ቁራጭ፣ አንዷ የልጄን የቀለም ውሃ። አንዷ መስኮት ላይ እርጥብ ጥጥ ታቅፋ ባቄላ ታበቅላለች። ልብስ ሰፊ ነኝ ወይስ ብርጭቆ አሳዳጅ?

አባባ፣ አባቴ፣ ከታመሙ ወዲህ ምግብ እምቢ ብለዋል፤ ዛሬ ምሳም አልበሉም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አባባን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችን። "በሽታው ለቋቸዋል። አሁን የሚጎዳቸው አለመብላት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ክብደት ካልጨመሩ ተመልሰው ይተኛሉ። በቱቦ መመገባችን ነው።" አባባ ኮፍያቸውን እጃቸው ላይ አዟዟሩ።

ዕድሜ ልካቸውን ለአዳሪ ተማሪዎች ያበሰሉ ሰው... ስንቱን ልጅ አጥግበው... በቱቦ?

ማታ ሱሪያቸውን ወገቡ ላይ አጠበብኩት። ከታመሙ ወዲህ ለሁለተኛ ጊዜ። የተረፈውን ጨርቅ አልቆረጥኩትም፣ ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሩዝ በአትክልት አቀረብኩ። ሳህኑን ገና ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

"ልጄ፣ ይሄን ተራራ ማን ይወጣዋል?"

ለመንኳቸው። ተቆጣሁ። ደግሞ ይቅርታ ጠየቅኩ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የሳቸውንም የኔንም ሳህን እንደሞላ አነሳሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ደስ ብሎኛል! ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የምስር ሾርባ ሠራሁ። ባሌ ቀምሶ "ጨው በዝቷል" አለ። ልጄ ቀምሳ "ኧረ ጨው የሚባል የለውም" አለች። ተያያዙ። የሁለቱ ክርክር ሲሰለቸኝ የቁልፎቼን ብርጭቆ ገለበጥኩና አጠብኳት፣ ጥቂት ሾርባ ጨለፍኩባትና ወደ አባባ ሄድኩ።

"አባባ፣ እባክዎ ይዳኙን። ጨዉ እንዴት ነው?"

እንዲበሉልኝ አስቤ አልነበረም። እውነቴን ነው፣ ለዳኝነት ብቻ።

ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። አሸተቱት። ፉት አሉ... ደገሙ... ብርጭቆዋ ባዶ!

"ጨው ይቀረዋል" አሉ፣ ድሮ ረዳቶቻቸውን በሚያዙበት ድምፅ። "ካሮቱም ሟምቷል። ጨው ጨምሪና አምጪው።"

ጨምሬ አመጣሁ። ጨረሱት። "አሁን ወደ ልኩ እየመጣ ነው።" ሌላ አመጣሁ። ጨረሱት!

ለካ ምግብ አብሳይ አልበላም ቢል እንኳ አልቀምስም አይልም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አዋጅ አወጣሁ። ብርጭቆ የያዘ ሁሉ ይመልስ! ባሌ ብሎኖቹን ካልሲ ውስጥ ከተተ። የጆሮ ጌጤ መሳቢያ ገባ። ሳሙናው ተጣለ። ባቄላዋን ብቻ ማርኳት፤ ልጄ "ነፍስ ያላት ነገር እኮ ናት!" ብላ እንባዋ መጣ።

ጠዋት እንቁላል። "ቅቤ ይቀረዋል።" ከሰዓት የተፈጨ ድንች። "ወተት ጠብ አድርጊበት።" ማታ ዓሣ። "ሎሚ የለም እንዴ እዚህ ቤት?"

አንዴ አፌ አመለጠኝና "ይብሉ እንጂ አባባ" አልኩ። ብርጭቆዋን አስቀምጠው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ምን ለፈለፈኝ! ከዛሬ ጀምሮ "ይቅመሱ" እንጂ "ይብሉ" የሚል ቃል እዚህ ቤት ክልክል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ፓስታውን ባሌ ቀቀለው። አባባ ቀምሰው፣ "ይሄን የጫማ ማጣበቂያ ማነው የሠራው?" አሉ። እስከ መጨረሻው ጠርገው ካጣጣሙት በኋላ ነው ታዲያ! ባሌ ተሰድቦ እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ጎረቤቴ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ እኔን ታየኛለች። "አንቺ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ጉርድሽ እኮ ወገብሽ ላይ ይዞራል።" ሳቅኩ። ስትሄድ በመርፌ ቁልፍ አጣጥፌ ያዝኩት። የሰው ልብስ ሳጠብብ ሳሰፋ የራሴን መቼ አየሁ? ለመሆኑ ዛሬ ምሳ በላሁ? አላስታውስም...

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ቁጥሩን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ።

ጨምረዋል! ጨምረዋል! መተኛት የለም፣ ቱቦ የለም። ሐኪሟ "ምን አብልተሻቸው ነው?" አለችኝ። "ኧረ ምንም አልበሉም፣ ሲቀምሱ ነው" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። አባባ ኮፍያቸውን ደፍተው "በይ እንሂድ፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት" አሉ። የትኛውን ድስት!

የሱሪያቸውን ስፌት ተረተርኩት። ስፌት መተርተር እንዲህ ደስ ይላል?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ክርና ገበር ገዝቼ ስመለስ ቤቱ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። አባባ ሽርጤን ታጥቀው ማድ ቤት ቆመዋል። ልጄ ወተት ታማስላለች። ባሌ እንቁላል ይመታል፣ እየተሰደበ። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎቼ ሁሉ ተደርድረዋል። ባቄላዋ እንኳ ወደ ቆርቆሮ ተዛውራለች። ውስጣቸው ቢጫ፣ ለስላሳ፣ የሚንቀጠቀጥ... ካስታርድ! ስንት ዘመን ብሎንና አስፒል ተሸክመው። አክስቴ ብታይ!

"ተቀመጪ" አሉኝ አባባ።

"የሰው ልብስ አለብኝ፣ አባባ፣ ቆይቼ..."

"ተቀመጪ።" ተማሪዎቹን ጸጥ የሚያሰኙበት ድምፅ። ተቀመጥኩ። ዓይናቸው ጉርዴ ላይ ካለችው መርፌ ቁልፍ ላይ አረፈ። ቆየ። አንዷን ብርጭቆ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ብይ አላልኩሽም። ቅመሺና ስኳሩን ንገሪኝ።"

ብልሃቴን ያውቁ ነበር? ከመቼ ጀምሮ? ከመጀመሪያዋ ሾርባ?

ቀመስኩ። ለካ ርቦኛል... ብርጭቆዋን እስከ ሥሯ ጠረግኳት። ስኳሩ ልክ ነበር። ልክ!

"ትንሽ ይቀረዋል" አልኩ።

አባባ እየሳቁ ሁለተኛዋን አመጡልኝ።