ገብሱና የዘጋሁት ሎኬሽን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ድረ ገጾች የት እንዳለሁ እንዳያውቁብኝ ትናንት የብሮውዘሬን ሎኬሽን ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት አከራዬ እትዬ ከድጃ እንደ ልማዳቸው፣ «ልጄ፣ ገብሱን ላስጣው? ስልክሽ ምን ይላል?» አሉኝ። የአየር ሁኔታውን ከፍቼ፣ «ፀሐይ ነው፤ ያስጡት» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣ ዝናብ ወረደበት። አብረን ስናፍስ በሰበስን። አልተቆጡኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ገብቼ ገጹን ደግሜ ሳየው ለካ ከላይ «አዲስ አበባ» ይላል። ያለሁበትን ሲያጣ ገምቶ ነው። እኔ እዚህ ለማስተማር ከመጣሁ ጀምሮ ወደዚያ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ ስልኬ በአንድ ቀን ተዛወረ!

ሎኬሽኑን መልሼ መክፈት አልፈለግኩም። ከተማውን በገዛ እጄ «አሰላ» ብዬ ጻፍኩለት። ይህን ስም ወድጄ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ።