ከስድቡ ሥር የነበረው መስመር

የካቲት 3፣ ጠዋት 2፡30
ዛሬም ሰካሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። ሰኞ ገመዱን በእግሬ ጠልፌ ከጠረጴዛ ከጣልኩት ወዲህ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን እንደከፈትኩ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ሕመምተኛ ሳይጠየቅ አይዋልም። ሕመምተኛዬ እንግዲህ ሃርድ ዲስክ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጭልጋ ተመላልሼ የቀዳሁት የአያ ደሴ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። የእናቴ አጎት። የዛፉን፣ የሥራሥሩን፣ የወንዙን ስም በቅማንትኛ እየጠራ፣ ስሳሳት እየሳቀብኝ። ሌላ ቅጂ የለም። ነገ ነገ እያልኩ ቀረ። ከገና በፊት አንደበቱ ተያዘ። ይሰማል፣ ሰው ያውቃል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ሴት ልጁ ውዴ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ ድምፁን አምጪልኝ፣ ራሱን ይስማው ትላለች።

ቀትር
ቴሌግራም ላይ የኮምፒውተር ጠጋኞች ቡድን አለ፣ አገር ምድሩ ያለበት። ጻፍኩ። እንደምን ሰነበታችሁ፣ ሥራስ፣ ጤናስ፣ ቤተሰብስ፤ የተቸገርኩበት ነገር ነበር፣ መጠየቅ ይፈቀድልኛል ወይ። ሰው ደጅ ቆሞ ጉዳይ አይነገርም። ግቢ እስኪሉ ይጠበቃል።

የካቲት 4
ግቢ ያለ የለም። ብዙ ሰው አይቶታል፣ ቁጥሩ ይታያል። ከእኔ በኋላ አንዱ መጥቶ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ ስክሪኔ ጠቆረ ብሎ ወረወረ። ወዲያው ተረባረቡለት። ቀናሁ።

ደግሜ ጻፍኩ። ሰላምታዬን፣ የአያ ደሴን ነገር ከነታሪኩ፣ መጨረሻ ላይ መውደቁንና ቀጭ ቀጩን።

ሰካሁት። ያው ነው።

የካቲት 5፣ ረፋድ
አንዱ መለሰ። ስሙን በያጁ ብሎታል፤ የቡድኑ ኃላፊ ነው። ሰላምታሽን እናትሽ ቤት፣ ብሎ ይጀምራል። ይኼ ለቅሶ ቤት አይደለም፣ ሰው ሥራ አለው፣ መጠየቅ ሳትችይ ኮምፒውተር ማን ንኪ አለሽ። ከሥሩ የሌሎቹ ሳቅ በሳቅ። መልእክቱ ረጅም ነው፣ ይቀጥላል። የቀረውን አላነበብኩትም። ጎንደር አራዳ ባንኮኒ ላይ ቆሜ የስንቱን ፊት ስችል ኖሬ፣ ከማላውቀው ሰው ስድብ! ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ያን ቡድን ደግሜ ብከፍት እጄን ይቁረጠው።

የካቲት 7
ሰካሁት። ድምፁ ተለወጠ፣ ብረት ሲፋቅ ይመስላል። ውዴ ደወለች። ትንሽ ነው የቀረው አልኳት። ሸጋ አለች፤ ለቅዳሜ ሳምንት ዘመድ ልትጠራ ነው። ውሸታም ነኝ፣ ደብተሬ። አንቺ እንኳ እወቂው።

የካቲት 9፣ ጠዋት
ዝም። ቀጩም የለ።

ከቀኑ 9 ሰዓት
አብሮኝ የሚሠራው ጌታቸው ስድቡን አሳዪኝ ልሳቅ አለ። ስልኬን ሰጠሁት። ሲስቅ፣ ሲስቅ፣ ስልኩን ወደኔ አዞረው። «ምነው፣ ይኼን አላየሽውም?»

እዚያው መልእክቱ ውስጥ፣ ከስድቡ ሥር ነው። ወድቆ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግመሽ እንዳትሰኪው፣ በሰካሽው ቁጥር ውስጡን ይፍቀዋል። ሳትነኪው አዲስ አበባ ላኪልኝ፣ ለሽማግሌው ስል በነፃ አየዋለሁ።

ለሽማግሌው ስል። ሰውዬው ታሪኬን እስከ መጨረሻው አንብቦታል። እኔ ነኝ የእሱን ያላነበብኩት። እሱ ይህን ከጻፈ በኋላ ሦስቴ ሰክቼዋለሁ።

የካቲት 10
ጻፍኩለት። ለመንገደኛ ሰጥቼ ላኩት። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አሁን ምን ሊያደርግለት።

የካቲት 16፣ ረፋድ
በያጁ ደወለ። የልጅ ድምፅ ነው ያለው። እንደምን አደርሽ እህቴ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ጎንደር እንዴት ነው፣ ብርዱስ፣ ሽማግሌውስ። ሰላምታው አላልቅ አለ። ሲረዝም ገባኝ። ሰው ሰላምታውን ትቶ ጉዳዩን በነገረኝ ብዬ ስመኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ተፍቋል አለ። ምንም አይወጣም። ስለጻፈው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በቀን ስንቱ እንደሚጨቀጭቀው ነገረኝ። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ልለው ነበር፣ ተውኩት። የኔስ ኩርፊያ በምን ይታሻል?

የካቲት 17
ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ከቀሐ ወንዝ ማዶ ቤቴ ቁጭ ብዬ የማስታውሰውን ልጻፍ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ዛፍ አራት ስም። አራተኛውን እጠራጠራለሁ። የሚነግረኝ የለም።

ውዴ ደወለች። አላነሳሁም።

የካቲት 18፣ 11 ሰዓት
ነገ ቅዳሜ። ዘመድ ይሰበሰባል። አመመኝ ብዬ ልቀር አስቤ ነበር። ወሰንኩ፣ እሄዳለሁ። ለውዴ ሳይሆን ለራሱ ለአያ ደሴ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ድምፅህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ኩርፊያዬ ነው ያጠፋው እለዋለሁ። ይሰማኛል። ድሮ ቢሆን በሁለት ቋንቋ ነበር የሚሰድበኝ። እስከ መጨረሻው ቃል ቆሜ በሰማሁት።

እሱ ግን ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ።